ሕግ ያልከለከለው ሁሉ ይገባልን? — ስለ ጫት አንድ አሳብ



ባለፈው ወር ከትምህርት በኋላ ባደረግነው ውይይት አንድ ወንድማችን ተነሥቶ፣ «ጫት መቃም የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ?» ሲል ጠየቀ። ከመካከላችን አንዳንዶች «ሕግ ስላልከለከለው ነውር የለበትም» አሉ። ሌሎች ደግሞ «የእኛ ወግ አይደለምና ነገሩ ያለቀለት ነው» ሲሉ መለሱ። አንዲት እኅታችንም «የሚቅሙት ብቻ ሳይሆኑ የሚሸጡትም ከአገልግሎት ይታገዱ» የሚል አሳብ ጨመረች። ነገሩ ሳይቋጭ ሰዓት አልቆ ተበተንን።

እኔ በዚያ ቀን አንዲት ቃል አልተነፈስሁም። አሳብ አጥቼ ግን አልነበረም። በዚያ ሰዓት የለበስሁት ሸሚዝ በጫት ገንዘብ የተገዛ ስለ ነበረ ነው።

ያሳደገችኝ አክስቴ በከተማችን በድሬዳዋ ጉልት ተቀምጣ ጫት ትሸጣለች። በየቀኑ ከአወዳይ የሚወርደውን ጫት ተረክባ፣ እንዳይጠወልግባት በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ ከቀትር በፊት ጀምራ እስከ ማታ ትቸረችራለች። የቤት ኪራዩ፣ የኔና የሁለቱ ታናናሾቼ ደብተርና ዩኒፎርም፣ በዓውደ ዓመት የሚታረደው ዶሮ ሳይቀር ከዚያች ጆንያ ሥር የወጣ ነው። ስለዚህ ያን ዕለት የተነሣው ጥያቄ ለኔ የክርክር ጨዋታ አልነበረም። ዛሬ በጽሑፍ ልመልሰው የተነሣሁትም ለዚህ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ሀ. ሕግ ምን ይላል?

በአገራችን ጫት መትከል፣ መሸጥና መቃም ወንጀል አይደለም። መንግሥት ቀረጥ ይሰበስብበታል፤ ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሌላንድ እየተላከም በአንዳንድ ዓመታት ከ300 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ የውጭ ምንዛሪ አስገኝቷል።

ድንበር ተሻግረን ስንመለከት ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። ኖርዌይና ስዊድን በ1989 ከልክለውታል። አሜሪካ በእርጥብ ጫት ውስጥ የሚገኘውን ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር በ1993 እጅግ ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዕፆች መዝገብ ውስጥ አስገብታለች። ሳዑዲ ዓረቢያም አትፈቅድም። በእስራኤል ደግሞ እርጥቡን ቅጠል መቃም ያልተከለከለ ሲሆን፣ ከቅጠሉ ተለይቶ የሚወጣው ንጥረ ነገር ግን ክልክል ነው።

ከሁሉም የሚያስገርመው የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በለንደን የሚኖሩ ሶማሌዎች፣ የመኖችና ኢትዮጵያውያን ለብዙ ዓመታት ጫትን በግልጽ ገዝተው ይቅሙ ነበር። በጥር ወር 2013 የዚያ አገር መንግሥት የዕፅ ጉዳይ አማካሪ ምክር ቤት ነገሩን መርምሮ፣ ለመከልከል የሚያበቃ በቂ ማስረጃ የለም ሲል አስታወቀ። መንግሥቱ ግን ምክሩን ሳይቀበል ቀረና ከጁን 24 ቀን 2014 ጀምሮ ጫት ክልክል ሆነ። በዋዜማው ምሽት በሰላም የቃመ ሰው በማግስቱ ያንኑ ቅጠል ይዞ ቢገኝ ሕግ ተላላፊ ሆነ ማለት ነው። ለመሆኑ በዚያች ሌሊት ቅጠሉ ምን ተለወጠ? ምንም።

መከልከልም ቢሆን ሁልጊዜ ያሰበውን አያደርስም። እንግሊዞች ኤደንን ይገዙ በነበረበት ጊዜ በ1957 ጫትን ከልክለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ክልከላውን ራሳቸው አንሥተዋል። ደቡብ የመን በ1977 በሥራ ቀን መቃምን ከልክላ ለሳምንቱ መጨረሻና ለበዓል ቀን ብቻ ፈቅዳ ነበር። የሶማሊያው ዚያድ ባሬ በ1983 በአዋጅ ከለከለ፤ ዛሬ በሞቃዲሾ ገበያ ጫት በአደባባይ ይሸጣል።

ዓለም አቀፉ ሕግም ቢሆን ሁለት ፊት አለው። አእምሮን የሚለውጡ ዕፆችን ለመቆጣጠር በ1971 የተደረገው ስምምነት በጫት ውስጥ ያሉትን ካቲኖንንና ካቲንን በኋላ በመዝገቡ አስፍሯል፤ ቅጠሉን ራሱን ግን አላሰፈረም። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም በ2006 ጉዳዩን ተመልክተው ቅጠሉ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል አላሳሰቡም።

እንግዲህ ከዚህ ምን እንማራለን? «አልተከለከለምና መልካም ነው» የሚለው ወንድማችን ተሳስቷል፤ እንዲያ ከሆነ አንድ ነገር ድሬዳዋ ላይ መልካም፣ ስቶክሆልም ላይ ክፉ ሊሆን ነው። «ተከልክሏልና ክፉ ነው» የሚለውም በዚያው መንገድ ይሳሳታል። በእርግጥ በሰው አገር ያለ ዘመዳችን የዚያን አገር ሕግ ማክበር ይገባዋል፤ ናፍቆቱን ያስታግስ ብለን በሻንጣ የምንልክለት ዙርባ ወኅኒ ሊያስገባው ይችላልና። ሕግ የሚነግረን ግን የሚያስቀጣውንና የማያስቀጣውን ነው። የሚገባውንና የማይገባውን ለመለየት ከዚያ አልፈን መሄድ አለብን።

ለ. ሳይንስ ምን ይላል?

ጫት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ የሚኖር ዛፍ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ካታ ኤዱሊስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ፎርስኮል የተባለ የስዊድን ተመራማሪ ሲሆን፣ እርሱ በ1763 በየመን ምድር ታሞ ከሞተ በኋላ ጽሑፉ በ1775 ታትሟል።

በለጋው ቅጠል ውስጥ ያለው ዋና ነገር ካቲኖን ነው። በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ከእርጥብ ቅጠል ተለይቶ የታወቀው በ1975 ነው። አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር ይቀራረባል። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ ኃይሉ ወደ ደከመው ወደ ካቲን ይለወጣል። ጫት የጫኑ አይሱዙዎች በመንገዳችን ላይ እንደዚያ የሚከንፉት፣ አክስቴም ጆንያዋን ቀኑን ሙሉ ውኃ ስትረጭ የምትውለው ለዚህ ነው።

ሰው ሲቅም ልቡ ይፈጥናል፤ የደም ግፊቱ ይጨምራል፤ ረኃብና ድካም ይጠፋለታል፤ ንግግሩ ይበዛል፤ ያሰበው ሁሉ ዛሬውኑ የሚፈጸም ይመስለዋል። ምርቃና የምንለው ይህ ነው። ሰዓታት ካለፉ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ትካዜ ይመጣል፤ እንቅልፍ ይርቃል፤ በማግስቱ ሰውነት ይፈዛል። የለመደ ሰው ሲያጣው ሐራራ ይይዘዋል፤ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል። የሆድ ድርቀትና የድድ ሕመምም አለበት። አብዝተው ከሚቅሙት መካከል አእምሯቸው የታወከ ሰዎች ታይተዋል፤ በየመን የተደረጉ ጥናቶችም አብዝቶ መቃምን ከልብ ድካም አደጋ ጋር አያይዘውታል።

ይሁን እንጂ እውነቱን አናጋንን። አንድ ቀን የቃመ ሁሉ አያብድም። የጫት ሱስ እንደ ሄሮይን ያለ ሱስ አይደለም። ትልልቆቻችን ሊያስፈራሩን ብለው የማይሆን ነገር ሲነግሩን፣ ያ ልጅ አንድ ቀን ቅሞ ሳያብድ ሲቀር የነገሩትን እውነት ሁሉ አብሮ ይጥለዋል።

እኔ ስለ ምርቃና የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የ12ኛ ክፍል ፈተና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ አክስቴ ዘወር ስትል ከጆንያው ሥር አንድ እስር ሰርቄ ወሰድሁ። ያን ሌሊት እስኪነጋ ድረስ አጠናሁ። ሦስት ምዕራፍ ጨረስሁ፤ ደብተሬንም በማስታወሻ ሞላሁ። የፈተናውን ሳምንት ብቻ ሳይሆን የሕይወቴን ሙሉ ዕቅድ አወጣሁ። በማግስቱ ግን ያነበብሁት በጭንቅላቴ ውስጥ ተበታትኖ ሳገኘው፣ የጻፍሁትንም ራሴ ማንበብ ሲያቅተኝ ደነገጥሁ። ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ቀናት በእንቅልፍና በድብርት አሳለፍኋቸው።

በኋላ ስለ አሠራሩ ሳነብ ምክንያቱ ገባኝ። ካቲኖን አዲስ ኃይል ይዞ አይመጣም። በአእምሯችን ውስጥ ተቀምጦ የነበረውን ዶፓሚን የተባለውን አነቃቂ ነገር አውጥቶ ያፈስሰዋል እንጂ። ስለዚህ ምርቃና ስጦታ ሳይሆን ብድር ነው። ተበዳሪው እኔ፣ አበዳሪውም እኔው፤ ከነገው ቀኔ ወስጄ ለዛሬዋ ሌሊት ከፈልሁ። ብድር ሁሉ ኃጢአት አይደለም። ግን ሰው ሲበደር የመክፈያውን ቀን ማወቅ አለበት።

ሐ. የሚቅመው ማን ነው?

በ2016 በአገራችን የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከተጠየቁት ወንዶች 27 ከመቶ፣ ከሴቶች 12 ከመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ስለዚህ «እነርሱ» እያልን ስንናገር ስለ ጎረቤቶቻችን፣ ምናልባትም አጠገባችን ስለ ተቀመጠው ወንድማችን እየተናገርን መሆኑን አንርሳ።

ጫትን የወገን መለያ ማድረግ በኛ አልተጀመረም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የነገሡት የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል፣ የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ እንደ ዛተ ይተርካል። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። እንግዲህ አለመቃማችን ስንት ጊዜ ከኅሊናችን የመጣ ነው? ስንት ጊዜስ «እኛ ከእነርሱ እንለያለን» ለማለት ብቻ ነው?

በ1999 የታተመ በቡታጅራ የተደረገ ጥናት ከ10,000 በላይ አዋቂዎችን ጠይቆ ነበር። ግማሾቹ በዚያ ጊዜ ይቅሙ ነበር፤ ከሚቅሙትም 80 ከመቶ ያህሉ ለጸሎት አሳባችንን ለመሰብሰብ ነው ብለዋል። ለመሳቅና ለመጫወት ነው ብለን የፈረድንበት ጎረቤታችን ሌሊቱን ተግቶ ሲጸልይበት ኖሯል። እርሱ ያደረገውን እኛ እናድርግ ማለቴ አይደለም። የሌላውን ሰው ልብ ሳናውቅ አንፍረድ ማለቴ ነው።

የራሳችንንም እንመልከት። ቡና ቅጠል አይሁን እንጂ የሚያነቃቃ ዘር ነው። ጠዋት ቡናዋን ያጣች እናት «ራሴን አመመኝ» ብላ ሻሽ ስታስር ማንም ሱሰኛ አይላትም። በበዓል ቀን ጠላና አረቄ ጠጥቶ የሚንገዳገደውንስ ዘመዳችንን «ተጫወተ» እንላለን እንጂ መቼ እናግደዋለን? ምርቃናውን ለመስበር ማታ መጠጥ ቤት የሚገባው፣ ጨብሲ የሚለው ወጣት ደግሞ ሁለቱን ብድር በአንድ ቀን ይበደራል።

ገበሬውንም እናስብ። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን ነቅሎ ጫት የተከለው ሰውን ለመጉዳት ብሎ አይደለም። የቡና ዋጋ ሲወድቅ ልጆቹን የሚያበላው አጥቶ ነው። ቡና በዓመት አንድ ጊዜ ሲለቀም፣ ጫት ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቀነጠሳል።

መ. የአክስቴ ሕግ

ያንን የሰረቅሁትን እስር አክስቴ የማታውቅ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን የጆንያዋን እስር በቁጥር ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አለችኝ። በአራተኛው ቀን ምሳ እየበላን ሳለ፣ «የሰረቅኸኝ ገንዘቤን መስሎሃል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በአገራችን ሕግ በመቃሜ የሚከሰኝ አልነበረም። የሚያስቀጣኝ ሌብነቴ ብቻ ነበር። እርሷን ያሳዘናት ግን ሌብነቴ አልነበረም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ አክስቴ ሁለት ሕግ አወጣች። አንደኛ፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ አትሸጥም። ሁለተኛ፣ ጫት በዱቤ አትሰጥም። ይህን ሕግ ያዘዛት ፖሊስ የለም፤ የከተማው አስተዳደርም አልጠየቃትም።

አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ ሳለሁ የዘጠነኛ ወይም የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ የሚሆን ልጅ ገንዘቡን ዘርግቶ መጣ። «ሂድ ልጄ፤ ዩኒፎርምህን ለብሰህ ከኔ አትገዛም» አለችው። ልጁም ሦስት እርምጃ ተራምዶ ከጎኗ ካለችው ሻጭ ገዛ። እኔም ተናድጄ፣ «አክስቴ፣ አሁን አንቺ ከሰርሽ እንጂ እርሱ ምን ቀረበት?» አልኋት። ውኃ የምትረጭበትን ጣሳ አስቀምጣ፣ «ያገሩን መደብ ሁሉ መዝጋት አልችልም። የኔን ግን እችላለሁ» አለችኝ።

በሌላ ቀን ደግሞ ሸክም ተሸክሞ የሚያድር ደንበኛዋ መጥቶ «እስከ ነገ ያዢልኝ» ብሎ ለመናት። እንቢ አለችው። ሰውየው ተቆጥቶ ሄደ፤ ለብዙ ቀንም አልተመለሰም። «ምነው ጨከንሽበት?» ስላት፣ «በእጁ ባለው ገንዘብ ከገዛ የርሱ ጉዳይ ነው። በዱቤ ከሰጠሁት ግን የልጆቹን የነገ እንጀራ የሸጥሁት እኔ ነኝ» አለች።

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኔ ከሕግ መጽሐፍም ከሳይንስም ያላገኘሁትን መለኪያ ከዚህች ፊደል ካልቆጠረች ሴት አገኘሁት። አሳቧን በኔ ቋንቋ ባስቀምጠው እንዲህ ይሆናል። ማንኛውም ያልተከለከለ ነገር በፊታችን ሲቀርብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። የማጠፋው ሰዓት የማን ነው? የሚከፈለውስ ገንዘብ የማን እንጀራ ነው? ሦስተኛውም፣ ዛሬ ተወው ብባል መተው እችላለሁን? ወይስ ጌታዬ ሆኗል?

ይህ ጥያቄ ጫት ለሚቅመው ብቻ አይደለም። ገንዘቡን በመጠጥ ለሚያጠፋው፣ ሌሊቱን በስልክ ጨዋታ ለሚያነጋው፣ ለእኔም ጭምር ነው። ጫት በሌለበት አገርም ይሠራል። ሕጉ ቢለወጥም አይለወጥም።

ሠ. ለጥያቄው መልስ

አንድ ነገር ይቀራል። «አክስትህ ይህን ያህል ካወቀች ለምን ትሸጣለች?» ብትሉኝ፣ ጥያቄያችሁ እውነተኛ ነው። ሁለቱ ሕጎቿ ሥራዋን ንጹሕ አያደርጉትም፤ እርሷም ንጹሕ ነኝ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ከርሷ በገንዘባቸው ከሚገዙት መካከል ቤታቸውን የሚያጎድሉ እንዳሉ ታውቃለች። እኔም አውቃለሁ፤ አውቄም በላሁ። «ተዪው» የማለት መብት የሚኖረኝ ሌላ እንጀራ ይዤላት የመጣሁ ዕለት ነው። ያን ዕለት ለማቅረብ አሁን ኮሌጅ ገብቼ እማራለሁ፤ የምማረውም በዚያው ገንዘብ ነው። ይህ ነገር ሌሊት ሌሊት ያስጨንቀኛል፤ የሚያሳፍረኝ ግን አክስቴ አይደለችም። ባለፈው ወር ስለ እርሷ ሲነገር ዝም ማለቴ ነው።

ስለዚህ «የሚሸጡት ይታገዱ» ላልሽው እኅቴ፣ ከማገዳችን በፊት የአንዷን ሻጭ ልጆች የትምህርት ወጪ በየወሩ አዋጥተን መክፈል እንችል እንደ ሆነ እንመካከር እላለሁ። ከቻልን ቃላችን ክብደት ይኖረዋል። ካልቻልን ግን ከባዱን ሸክም ለሌላ ሰው አሸክመን እኛ መፍረድ ብቻ ይሆንብናል።

«የተፈቀደ ነው ወይስ የተከለከለ?» ላልኸው ወንድሜም መልሴ ይህ ነው። እዚህ የተፈቀደ ነው፤ ሌላ አገር የተከለከለ ነው። እኔ ግን ከዚያች ሌሊት ወዲህ አልቃምሁም፤ ያልቃምሁትም ሕግን ፈርቼ አይደለም። የተበደርሁትን ስቆጥር ከፋዮቹ እኔ ብቻ አለመሆኔን ስላየሁ ነው። የሚመጣው እሑድ ጥያቄው እንደገና ሲነሣ ዝም አልልም፤ እናንተም የመደባችሁን ሕግ ይዛችሁ ኑ።